ሰኢድ ይዞት የሄደው የልቦለድ መጨረሻ

ዛሬ ልጄ ከደሴ ያመጣችልኝን የፍቅር ልቦለድ ጨርሼ ከግድግዳ ጋር አላተምኩት።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ተማሪ ሳለን ይሄው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር የደረሰን። ተራ መጠበቅ ቢያቅተን ስፌቱን ፈትተን ለሦስት ተካፈልነው።

መጨረሻው የደረሰው ልቤ ለወደደው ለሰኢድ ነበር።

"ወላሂ ነገ አመጣልሻለሁ፤ ልጅቷን ማን እንዳገባት ግን አልነግርሽም!" አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ገበያ መሀል አፍሰው ወደ ጦር ግንባር ጫኑት። መጨረሻው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

ዛሬ አነበብኩት። የልቦለዱ ወታደር ከጦርነት በደህና ተመልሶ ልጅቷን ያገባታል።

ለልጅ ልጄ የማነብላት የልጆች ተረትም ያው ነው፤ የጠፋ ሁሉ ቤቱ ይገባል። ደራሲዎቹ አፈሳ የሚባል ነገር አልሰሙም መሰለኝ።

ሰኢድ እንደወጣ ቀረ።

እናንተስ፣ ያልጨረሳችሁት መጽሐፍ ማን ጋ ቀረ?