ሰባ ሁለት ፎቶግራፍ ለአሰብ ተማሪዎች

ባለቤቴ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ ምሳ አልበላም። በአሰብ የሰኔ ሙቀት ምግብ የሚዘጋው ሰው ብዙ ነው፤ የሱ ግን ሌላ ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

"ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"ዛሬ ተማሪዎቼን ዋሸኋቸው።"

የታሪክ አስተማሪ ነበር። ጅማ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ በቀጥታ አሰብ የተመደበ ሰው ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደርን ግንብ፣ የአክሱምን ሐውልት ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር አንዳቸውንም በዓይኑ አላየም። ያን ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ጋሼ፣ የላሊበላ ድንጋይ ቀለሙ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችው። አላውቅም ማለት አቃተው። "ነጭ ነው" አላት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

"መጻፏ ነው የገደለኝ" አለኝ።

"ነገ ተሳስቼ ነው በላታ።"

"ትክክለኛውን ሳላውቅ ምን ብዬ ላርመው?"

እኔም ልረዳው አልቻልኩም። የደሴ ልጅ ብሆንም ላሊበላን አላየሁትም፤ በዚያን ጊዜ በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ ነበር።

እቅዳችን የተጀመረው እንደዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄደን አገሩን ፎቶግራፍ አንስተን፣ ፎቶዎቹን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልንሰቅል ተስማማን። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያን መካኒክ ካሜራ ገዛን፤ ታጥፎ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ባሕሩ ዳር ሞከርነው። ባለቤቴ መነጽር ያደርጋል፤ በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲያጮልቅ ሁሉም ነገር ወደ ታች ይሸሽበታል። እሱ ያነሳቸው ሰባቱ ፎቶዎች ሰማይ ብቻ፣ ወይም የጀልባ ምሰሶ ጫፍ ሆነው ወጡ። እኔ ያነሳኋቸው አምስቱ ግን ደህና ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራው የኔ፣ እርሳሱ የሱ ሆነ።

በእርሳሱ ምን ያህል እንደተደሰተ! ትልቅ ወረቀት ላይ የአገሩን ካርታ ሥሎ፣ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት የሚያነሳ ሌላ ስድስት ፊልም ስለነበረን ሰባ ሁለቱን ፎቶ በየቦታው ያከፋፍል ጀመር። ላሊበላ ሃያ አራት። ጎንደር አሥራ ስድስት። ለአክሱም፣ ለሊማሊሞ ገደል፣ ለሐይቅም እንዲሁ ቆረጠላቸው። በየቀኑ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል።

"እናቴስ?" አልኩት አንድ ቀን፣ ደሴ ላይ ምንም እንዳልጻፈ አይቼ።

"እናትሽ ታሪካዊ ቦታ ናቸው እንዴ?"

"በደሴ በኩል አልፈህ እሷን ሳታነሳ ብትሄድ ታያለህ ታሪኩን።"

ሳቀና ከጎንደር አንዱን ቀንሶ ለእናቴ ሰጣት።

ካርታውን ለጎረቤታችን ለሐጂ ያሳየናቸው ያኔ ነው። ሐጂ ከወሎ መጥተው አሰብ ሱቅ የከፈቱ፣ በወጣትነታቸው በቅሎ እየጫኑ የላሊበላን አገር ላስታን ሁሉ የዞሩ ነጋዴ ናቸው። ያቺን ጥያቄ የጠየቀችው ተማሪ የሳቸው ልጅ ነች። ባለቤቴም ስለዚህ አፍሮ ስለ ድንጋዩ ቀለም ትንፍሽ አላለም።

"መምህር፣ ይሄ ሁሉ በሐምሌ ነው?" አሉት ካርታውን አገላብጠው።

"እረፍት የማገኘው በክረምት ብቻ ነው፣ ሐጂ።"

"በሐምሌ የላስታ ወንዝ ሰው አያሳልፍም። በቅሎ የሚያከራይዎም አያገኙም።"

ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ። ሐጂ ካርታውን አጥፈው መለሱለትና፣ "ግድ የለም፣ ይሂዱ" አሉ። "እስከ ደሴ የሚወስዳችሁን የጭነት መኪና እኔ እፈልጋለሁ። አንቺ ልጄ፣ ፊልሙን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለሽ ያዢው፤ በረሃው እንዳያቀልጥብሽ።"

እንዳሉትም መኪና አገኙልን። ሹፌሩ አጠገብ ተጣበን ተቀመጥን፤ ጆንያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ውሃ እያርከፈከፍኩ በረሃውን አቋረጥነው። ባቲን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ብርድ መጣ፤ ባለቤቴ ነጠላዬን ቀምቶኝ ተከናነበ። ደሴ ስንደርስ እናቴ ልብሴን ሳልቀይር አልነሳም አለች። ቀይራ ስትመጣ ደግሞ ዝናብ ጀመረ፤ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ነው ያነሳኋት። ዳኛ ፊት እንደቀረበች ያህል ኮስተር ብላለች።

ወልዲያ ላይ የሐጂ ቃል ደረሰ። በቅሎ አከራዮቹ ሁሉ፣ "ከመስከረም በኋላ ኑ" አሉን። ሦስት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሻይ ቤት ተጠግተን ሳለ፣ እንደኛው ወንዙ እስኪጎድል የሚጠብቁ አንድ ቄስ አገኘን፤ አገራቸው ላሊበላ ነው። ባለቤቴ እጅ ነስቶ፣ እንደ ተማሪ ተሽኮርምሞ ጠየቃቸው።

"አባ፣ ድንጋዩ ቀለሙ ምንድን ነው?"

ቄሱ ሳቁ። "ስንቱን የጠየቀኝ ሰው አለ፣ ይህን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቀይ ነው ልጄ። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጠቆር ይላል።"

ባለቤቴ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ከዚያ ካርታውን ዘርግቶ ላሊበላን በእርሳሱ ሰረዘው።

"ሃያ አራቱን ፎቶ ምን እናድርገው?" አልኩት።

"እንደፈለግሽ። አሁን የአንቺ ነው።"

ስለዚህ የፈለግኩትን አነሳሁ። ለዝናቡ የሣር ገሳ ለብሰው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶችን፣ ግንድ የሚያንከባልል ደራሽ ውሃ፣ ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና የሚገፉ መንገደኞችን። ከዚያ ወደ ሰሜን ቀጥለን አክሱምን አየን፤ በሊማሊሞ በኩል ጎንደር ደረስን። ባለቤቴ ግንቡን በመዳፉ እየዳበሰ ዙሪያውን ሲሄድ፣ ካሜራውን ረስቼ እሱን ነበር የማየው። ስንመለስ ፎቶዎቹን አስመራ አሳጥበን፣ ከምጽዋ በመርከብ አሰብ ገባን።

ትምህርት ሲከፈት ፎቶዎቹን ለመስቀል አብሬው ሄድኩ። ባለቤቴ ተማሪዎቹ ፊት ቆመ።

"አምና የላሊበላ ድንጋይ ነጭ ነው ብያችሁ ነበር። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ቀይ ነው። ይህንንም ቢሆን ከሚያውቅ ሰው ሰማሁ እንጂ አላየሁም።"

የሐጂ ልጅ ተነሳች። "አውቃለሁ፣ ጋሼ። አባቴ ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አይቶ ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባቴ ከለከለኝ። 'መምህርሽ ራሳቸው ይድረሱበት፤ አታሳፍሪያቸው' አለኝ።"

የባለቤቴ ጆሮ ቀላ። ከክፍል እንደወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዘግየት ብዬ ስደርስ ግን ሐጂ በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር፣ እሱም እንዲሁ።

እሱ ወደ ሱቁ ሲሄድ እኔን ወደኋላ ያስቀሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው። ሁሉም አንድ ፎቶ ላይ ተሰብስበው ይገፋፋሉ። ግንቡም ሐውልቱም አልነበረም፤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ማለዳ ያነሳሁት የጉም ፎቶ ነው።

"እትዬ፣ የማን ቤት ነው የሚቃጠለው?" አለኝ አንዱ።

"ጭስ አይደለም። ጉም ነው። መሬት ላይ የወረደ ደመና ማለት ነው።"

"ሰው ይነካዋል?"

"ውስጡ ይገባል እንጂ።"

"አይሞቅም?"

"ይበርዳል። ፀጉራችሁን፣ ልብሳችሁን ያረጥባል።"

እርስ በርስ ተያዩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሏል፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ስለ ድንጋዩ የተነገራቸውን ሁሉ ያለ ክርክር ተቀብለዋል፤ ይህን ግን ማናቸውም አላመኑኝም። እኔም ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ተራራ እሥልላቸው ጀመር።