የተዋስነው ኮምፖስት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪም ነበርኩ። ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ ነው። ከግቢው ጀርባ «ሞዴል የኮምፖስት ጉድጓድ» የሚል ሰሌዳ የቆመለት ጉድጓድ ነበረን፤ ውስጡ ፌስታል፣ ያለቀ እስክርቢቶና የብስኩት ላስቲክ ሞልቶታል። በየሩብ ዓመቱ «ጉድጓዱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ እጽፋለሁ። አልዋሸሁም፤ ጉድጓዱ ደህና ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ አስጠራኝ።

«ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምርጥ ተሞክሮ ሊቀምሩ ነው።»

«የምን ተሞክሮ?»

«ያንተን ነዋ! ሪፖርትህን አንብበው እኮ ነው።»

ኮምፖስት በሦስት ቀን አይበስልም። እኔ ይህን አስተምራለሁ፤ እሱም ያውቃል። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ላከኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በጓሯቸው በርበሬ እያለሙ የሚኖሩ ናቸው። ሥልጠና ሳይሰጣቸው፣ ባነር ሳይሰቀልላቸው፣ እበቱንና አመዱን ከቅጠላ ቅጠል ጋር እየደራረቡ፣ እያገላበጡ፣ እንደ ቡና ዱቄት የጠቆረ ኮምፖስት ያወጣሉ።

«እማማ፣ ለጥቂት ቀን ቢያውሱን?» አልኳቸው። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

«ኮምፖስት ይዋሳል እንዴ መምህር?» ብለው ሳቁ። «ይሁን። በሰኔ ችግኜን ሳዛውር ግን እፈልገዋለሁ።»

በፈረስ ጋሪ ሦስት ጊዜ አመላለስን። ቆሻሻውን ለማውጣት ጊዜ የለም ተባለና ከላዩ ደፋንበት።

ሐሙስ እንግዶቹ አንድ ዓይነት ቆብ አድርገው መጡ። አንዱ ኮምፖስቱን በእስክርቢቶ ወጋ ወጋ አድርጎ «ግሩም ነው» አለ። ርዕሰ መምህሩ ስለ ተማሪዎቻችን ትጋት ሲያወራ የራሱን ወሬ እያመነ መጣ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ካሜራው ጉድጓዱን ሲያነሳ ሲያነሳ፣ የቡድኑ መሪ እናትየዋን ከአጥሩ ማዶ ቆመው አያቸው።

«እናቴ፣ እርስዎም ከትምህርት ቤቱ ይማሩ እንጂ!»

«ተምሬያለሁ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ሲያበስሉት አላየሁም እንጂ፣ ሲያነሱትስ አይቻለሁ።»

መሪው ካሜራውን ያሉ መስሎት ደስ አለው። ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አጠገቡ ስለነበርኩ አነበብኩት፦ «ኅብረተሰቡ ትምህርት ወስዷል።»

የምስክር ወረቀት ተሰጠን። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። ኮምፖስቱን እንመልስ ስል ርዕሰ መምህሩ፣ «ሌላ ቡድን ይመጣል ተብሏል፤ ይቆይ» አለኝ። እናትየዋ ሁለት ጊዜ መጡ። በሁለተኛው ቀን ዘበኛው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ በር ላይ አስቆማቸው። ስብሰባው ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ ነበር። እኔም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ዝናብ ላይ ቆመው በመስኮት አየኋቸው፤ ከወንበሬም አልተነሳሁም። ርዕሰ መምህሩን እንቀዋለሁ፤ እንግዶቹንም እንቃቸዋለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ግን እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ነው።

ቅዳሜ ማንንም ሳላስፈቅድ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዤ ሄድኩ። ኮምፖስቱን ቀኑን ሙሉ ወደ እናትየዋ ግቢ አመላለስኩት። ከሥር ያለው ከፌስታሉ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እናትየዋ ግቢያቸው ላይ ዘርግተውት፣ ተቀምጠው ላስቲኩን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ።»

ቀና ብለውም አላዩኝ። «እጅህ ፈጣን ነው፤ ያንን ጥግ ጨርስ» አሉኝ።

ጨረስኩ። ሰኞ «የትምህርት ቤቱን ሞዴል በማፍረስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከተጠሪነቴም ተነሳሁ። የእናትየዋ በርበሬ ዘግይቶ ስለተተከለ በዚያ ዓመት ለቤት የሚበቃ እንጂ ለገበያ የሚሆን አልሰጣቸውም።