የቀለመወርቅ ዕጣ

ቀለመወርቅ ዋሴ አዲስ አበባ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በትውልድ አገሩ በእስቴ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ሥራው ለትምህርት በቴሌቪዥን የሒሳብ ጨዋታ መጻፍ ነው፤ ሁለት ተዋናዮች እየተከራከሩና እየተቃለዱ ክፍልፋይ ያስተምራሉ።

«ሰዎቹ የሚናገሩትን አንተ ትጽፍላቸዋለህ?» አለችው እኅቱ ሐረገ ወይን።

«አዎ።»

«የራሳቸው አፍ የላቸውም?»

ቀለመወርቅ በ1962 ዓ.ም. አገሩ የገባው፣ አባታቸው ሞተው ርስታቸው ለሦስቱ ልጆች ሊከፈል ስለሆነ ነው። አንዱ ድርሻ ወንዝ ዳር፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ድንጋያም። ቀለመወርቅ የወንዝ ዳሩን አጥብቆ ይፈልገዋል። የቴሌቪዥኑ ሥራ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው፤ ውሉ አንድ ቀን ቢቋረጥ መግቢያው ያ መሬት ነበር።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ይርጋ ሦስት ስንጥር ቆርጠው በየጫፉ የየድርሻውን ምልክት በከሰል አደረጉበት፤ ምልክቱንም በጡጫቸው ሸፈኑ። ማን ቀድሞ ያውጣ በሚለው ታላቅ ወንድሙ ደምሌና ሐረገ ወይን ተጣሉ። ረፋዱ በዚሁ አለቀ።

ቀለመወርቅ ገባበት። በዚሁ ጉዳይ ጨዋታ ጽፎ በቅርቡ ሊተላለፍለት ነው። «መቅደምም መዘግየትም ለውጥ የለውም። የሦስታችንም ዕድል አንድ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?» አለ ደምሌ።

ሦስቱ ስንጥሮች ሊወጡ የሚችሉበትን ስድስቱንም አወጣጥ መሬት ላይ እየጫረ አሳያቸው። ቄሱ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

«እንግዲያው አንተ መጨረሻ አውጣ» አለ ደምሌ።

እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። ከሁለቱ ኋላ ቆመ።

ደምሌ አወጣ፤ መካከለኛው ደረሰው። ሐረገ ወይን አወጣች፤ ወንዝ ዳሩ። በቄሱ ጡጫ የቀረው የድንጋያሙ ስንጥር ነበር።

«የአዲስ አበባ ሒሳብ ይኼ ነው?» አለ ደምሌ። አላፌዘም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሲወጣ አይታይም። ደጋግመን ብናወጣ ለሁላችንም እኩል ሲደርስ ታያለህ።»

ቄስ ይርጋ ስንጥሮቹን ሰባብረው ጣሉ። «ልጄ፣ ዕጣ የእግዜር ፍርድ ነው። ተደግሞ አያውቅም።»

«እንዲደገምልኝ አይደለም አባ፤ ለማስረዳት ነው።»

«እኔስ ገብቶኛል። ያልገባህ አንተ ትመስላለህ።»

ሐረገ ወይን ድርሻውን ልታሳየው ይዛው ወጣች። አዘነችለት። «ከእኔ ብትቀድም ወንዝ ዳሩ የአንተ ነበር።»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።»

«ለምን አይሆንም? ስንጥሩ እዚያው ነበር።»

«የትኛውን እንደምስብ በምን አውቃለሁ?»

«ቅድም ስታስተምረን የምታውቅ መስሎን!»

ስድስቱን አወጣጥ በሐሳቡ ደገማቸው፤ ስሕተት አላገኘባቸውም። ዓይኑ ግን ድንጋዩ ላይ ነው።

«ምን ያበቅላል?» አላት።

«ግብጦ። እሱም ከዘነበ።»

አዲስ አበባ ሲመለስ የዓመቱ ውል ቀረበለት። ደመወዙን እንኳ ሳያይ ፈረመ።