የመነጽር ሠሪው ዘጠኝ

በከተማችን በሄይኖላ መነጽር የሚያደርግ ሰው ሁሉ ዓለምን የሚያየው በታውኖ ሆንካሳሎ በኩል ነው፤ እኔም ጭምር። ሱቁ ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ነው። በሩን ስትከፍተው ደወል አይጮህም፤ የታንጎ ዘፈን ነው የሚቀበልህ። ሬዲዮው ዝም ካለ ታውኖ ራሱ ይዘፍናል። አንተ ግድግዳው ላይ የመጨረሻውን የፊደል ረድፍ ለማንበብ ዓይንህን አጨንቁረህ ስትታገል፣ እሱ ስለተለየችው ሴት፣ ስለ ጨረቃውና ስለ ሐይቁ ዳር ዛፍ እያንጎራጎረ ይጠብቅሃል። ፊደሉን ብትስትም አያርምህም።

«ቀርበሃል» ይልሃል። «በጣም ቀርበሃል።»

የእኛ ሰው እንዲህ አይደለም። እኛ ጎረቤታችንን ስናገኝ አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን፤ እሱም ከበዛ ነው። ሚስት ባሏን «እወድሃለሁ» ካለችው፣ ባል የሚጠይቃት የት ቦታ እንደሚያማት ነው። ልባችን ውስጥ ያለውን ሁሉ ለታንጎ ዘፋኞች አደራ ሰጥተን፣ ቅዳሜ ማታ ሄደን እንሰማውና እንደገና እዚያው ትተነው እንመለሳለን። ታውኖ ብቻ ነው አደራውን ይዞት ወደ ቤቱ የሚገባው።

ይህ ሰው ታዲያ ዳኛ ነው። የፍርድ ቤት ዳኛ ቢሆን እስር ቤቶቻችን ባዶ ይሆኑ ነበር፤ እሱ ግን የበረዶ ላይ ሸርተቴ ዳኛ ነው። አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን እንደ ክንፍ ወደ ኋላ ዘርግታ፣ በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ስትንሳፈፍ የታውኖ መነጽር ጉም ይለብሳል። በዚያው ጉም ውስጥ ሆኖ ከፊቱ ያለውን መሣሪያ ይጫናል። ዘጠኝ። ከአሥር ዘጠኝ። የወደቀችም ከሆነች፣ አነሳሷ ልብ ይነካል ብሎ፣ ዘጠኝ።

የሸርተቴ ሕግ አውጪዎች ግን እንደ ታውኖ ያሉ ሰዎች እንደሚወለዱ አስቀድመው ያወቁ ይመስላል። በትልልቅ ውድድሮች ዳኞቹ በአንድ ረድፍ ተደርድረው እያንዳንዳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከሁሉ የበዛው ነጥብ ይጣላል፤ ከሁሉ ያነሰውም ይጣላል፤ የተረፈው ተደምሮ ይካፈላል። ስለዚህ ታውኖ ከልቡ የሚሰጠው ዘጠኝ፣ በየዓመቱ፣ በየከተማው፣ ለቆሻሻ ቅርጫት ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ ከረባት አስሮ፣ ሆቴል አድሮ፣ የሚጣል ነጥብ ሰጥቶ ይመለሳል።

አውቶቡስ ነጂው ኦይቫ የሳውና ጓደኛው ነው። በዚያ ሙቀት ራቁታችንን ተደርድረን ላባችንን ስናንጠፈጥፍ፣ ኦይቫ በጋሉት ድንጋዮች ላይ ውኃ ይቸልስና፣ እንፋሎቱ ጆሮአችንን እስኪልጠን ጠብቆ ነው ነገር የሚጀምረው።

«ታውኖ፣ እስከ ስቶክሆልም ድረስ ምን አለፋህ? ያንን ነጥብህን እዚሁ ሄይኖላ ጥለኸው አትተኛም?»

ታውኖ ይስቃል። ነገሯን ግን አይረሳትም።

ባለፈው ክረምት ነገሩ ከሳውና ቀልድ አለፈ። የሸርተቴ ማኅበሩ ጸሐፊ ከሄልሲንኪ ደውሎ፣ በጣም ትሑት በሆነ ድምፅ፣ ስሜት የሚከለከል ነገር እንዳልሆነ፣ ሆኖም ስሜትም ቢሆን ከአማካዩ መራቅ እንደሌለበት አስረዳው። አሁንም ነጥቡ ከሌሎቹ ተነጥሎ ከተገኘ፣ የታሊኑ የአውሮፓ ውድድር የመጨረሻው ይሆናል።

በዚያ ውድድር ላይ አገራችንን ወክላ የምትሄደው ደግሞ የሄይኖላ ልጅ ነበረች። ሚንቱ ራኒኮን ያላሳደገ ሰው በከተማችን የለም። በልጅነቷ አንድ ዓይኗ ሲንሸዋረር፣ ቀይ መነጽር የሠራላት ታውኖ ነው። አሁን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በሸርተቴ ዓለም ይህ አያት የሚያስብል ዕድሜ ነው። ዳሌዋ ያማታል፤ ደረጃ ስትወርድ የብረቱን መደገፊያ ትይዛለች። ከኋላዋ ደግሞ እንደ ፈንዲሻ የምትዘል አንዲት የሄልሲንኪ ልጅ ደርሳለች። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሚንቱ ከአሥሩ ውስጥ ከገባች፣ ለሚቀጥለው ዓመት አገሪቱ ሁለት ሴቶች ትልካለች፤ ፈንዲሻዋም ሚንቱም ይሄዳሉ። ካልገባች አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የማን እንደሚሆን ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም። ሚንቱ አንድ ዓመት ብቻ ነበር የምትፈልገው። አንድ ተጨማሪ ዓመት በበረዶው ላይ፣ ከዚያ በፈቃዷ ልትሰናበት።

ታውኖ አሰበበት። አምርሮ አሰበበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲጣል የኖረ ነጥብ ለዚህች ልጅ ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ እንደ ቁም ነገረኛ ዳኛ ሊሰጥ፣ መሐል ገብቶ ሊቆጠር፣ በተቆጠረ ነጥብም ሊረዳት ማለ። ልቡን ለማደንደን ልምምድ ጀመረ። መኪና ውስጥ ታንጎውን ዘግቶ የአክሲዮን ገበያ ዜና መስማት ያዘ። የሄል ዳቦውን ትቶ ቡናውን ባዶውን ጠጣ። ደንበኞቹ ፊደል ሲስቱ «ስተሃል» ማለት ጀመረ፤ ሁለት አሮጊቶች በዚህ ተቀይመው ሌላ መነጽር ሠሪ ዘንድ ሄዱ። ቤቱም ገብቶ የሚስቱን የሚርያን የሳልሞን ሾርባ ሦስት ጊዜ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሰባት ከሩብ» አለ።

ሚርያ ሾርባውን አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው። «ዘጠኝ ስትለኝ ነበርኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

«አማካዩን ሳስበው ነው።»

«የማንን አማካይ? ሌላ ቤት ሾርባ ትበላለህ እንዴ?»

ወደ ታሊን በመርከብ ሄድን። ከሄይኖላ ብዙ ሰው ነበር፤ ኦይቫም የባንዲራችንን ሰማያዊና ነጭ ሹራብ አጥልቆ ከፊት ነበር። ባሕሩን እንደ ተሻገርን ማንኛችንም አላስተዋልንም፤ የእኛ ሰው መርከብ ላይ ከወጣ ካራኦኬ ቤቱ ውስጥ ነው። ታውኖን እንዲዘፍን ለመኑት። ዳኛ ነኝ ብሎ እምቢ አለ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመና የተሰነጣጠቀውን በረዶ ያይ ጀመር፤ ከንፈሩ ግን ሳይታዘዝ የዘፈኑን ቃል ይከተል ነበር።

ሚንቱ ትርኢቷን የሠራችው በታንጎ ነው። የድሮ ዘፈን ነው፤ አባቶቻችን ሐይቅ ዳር በጨፈሩባቸው የእንጨት መድረኮች ላይ ሲዘፈን የነበረ፦

የሐይቁ በረዶ ላዩ ቢጠነክር፣
ከሥሩ ያለው ውኃ አይተውም መናገር።

እንዴት ልንገራችሁ። ዝላይዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ አንዱንም ዝላይ እጇን በረዶው ላይ አስነክታ ነው ያዳነችው። ነገር ግን በሁለተኛው ስንኝ ላይ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ ስትመጣ፣ ያ የሚያማት ዳሌ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። የጫማዋ ስለት በረዶውን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ፣ አንድ ሰው በሩቅ ሐር የሚቀድ ይመስላል። ኦይቫ፣ እናቱ ስትቀበር ያላለቀሰው ኦይቫ፣ ሹራቡን ወደ ፊቱ ስቦ አፍንጫዬ ደማ ብሎ ዋሸን።

ታውኖን ከተቀመጥኩበት አየሁት። መነጽሩ ጉም ለበሰ። አወለቀው፤ በመሐረብ ጠረገው፤ መልሶ አደረገው። ከዚያ ጣቱን እንደ ቀዶ ሐኪም አንስቶ፣ ለአቀራረብ ከሚሰጡት ሦስት ነጥቦች ለመጀመሪያው ሰባት ተኩል ተጫነ። እንደገና ሰባት ተኩል። እንደገና ሰባት ተኩል።

ሚንቱ ስትጨርስ አንደኛ ሆና ተቀመጠች፤ ብዙዎቹ ጠንካሮች ገና ነበሩና። ከዚያ እያንዳንዷ ልጅ ስትጨርስ ስሟ በሰሌዳው ላይ አንድ አንድ ደረጃ እየወረደ ሄደ። ስድስተኛ። ስምንተኛ። አሥረኛ ላይ ቆመች፤ አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታ ነበር። እሷም ሠራች፤ አንዴ ወደቀችም። ቁጥሩ ወጣ። ሚንቱን የበለጠቻት ሩብ ነጥብ በማይሞላ ነበር።

አሥራ አንደኛ።

ሄይኖላ እንደ ልማዱ ዝም አለ። በእኛ ዘንድ ለደስታም ለሐዘንም የምናሰማው አንድ ዓይነት ዝምታ ስለሆነ፣ አጠገባችን የተቀመጡት ጣሊያኖች ያሸነፍን መስሏቸው ጨበጡን።

ታውኖ ግን የዚያን ዕለት ተከበረ። ከውድድሩ በኋላ በተደረገው የዳኞች ስብሰባ ላይ፣ ነጥቡ በሁሉም ተወዳዳሪ ላይ ለአማካዩ እጅግ የቀረበ ዳኛ ተብሎ ስሙ ተጠራ። ተጨበጨበለት። የራሱን ዓይን ትቶ፣ ሁሉም ያዩትን ያየ ዳኛ ማለት ነው። ጸሐፊው በስልክ እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ ለሚመጣው ዓመት የዓለም ውድድር እንዳጨው ነገረው። ታውኖ ይህን ሲሰማ ምን መሰለ ብትሉኝ፣ የሰው ሰርግ ላይ ተሳስቶ ሽልማት የተሰጠው ሰው መሰለ። ቢሆንም ተቆጥሯል። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ነበር የፈለገው። ልጅቷን አላዳነም፤ ግን ቢያንስ በተቆጠረ ነጥብ ከጎኗ ቆሟል። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያጽናና መርከቡ ላይ ወጣን።

ሚንቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሕዝቡ በረዶው ላይ የወረወረላትን የጨርቅ አሻንጉሊቶች በትልቅ ከረጢት ይዛ ነበር፤ ድቦች፣ ጥንቸሎች፣ አንድ ዓሣ። ታውኖ ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አያውቅም ነበር።

«ጋሼ ታውኖ፣ ምነው ዘንድሮ ጨከኑብኝ?»

«አልጨከንኩም ልጄ። ነጥቤ እንዲቆጠርልሽ ብዬ ነው። ሁልጊዜ ይጣላል አይደል።»

ልጅቷ ዓሣውን ከከረጢቱ አወጣች፤ ጅራቱን ስታስተካክል ቆየች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ከላይ አንድ ነጥብ የግድ ይጣላል፤ እርስዎ ኖሩም አልኖሩም። ሁልጊዜ የእርስዎ ዘጠኝ ሲጣልልኝ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ የወደደኝ ሰው ነጥብ ይተርፍልኛል። ዘንድሮ ጣሊያናዊቷ ዳኛ ስምንት ተኩል ሰጥታኝ ነበር። እርስዎ መሐል ገቡና የእሷ ተጣለ።»

ታውኖ ወደ ዓሣው አየ። ከኋላችን አንድ ሰካራም ስለ ጨረቃ ይዘፍናል፤ ዜማውን ስቷል።

«ከልብዎ ስንት ነበር?» አለችው።

«ዘጠኝ።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ዘጠኝ ነበር ያየሁት። ያላየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ሚንቱ ዓሣውን ጭኑ ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

ጸሐፊው ለዓለም ውድድሩ ሲደውል ታውኖ ዓይኔ ደክሟል ብሎ መለሰ። መነጽር ሠሪ መሆኑን ጸሐፊው ረስቶት ኖሮ፣ ሐኪም እንዲያይ መከረው።

በጸደይ፣ የሐይቁ በረዶ ሳይቀልጥ፣ በሄይኖላ የበረዶ አዳራሽ የልጆች ውድድር አለ። ዳኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ታውኖ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርትና የወተት ሱቋ ባለቤት። ሦስት ዳኛ ባለበት ምንም ነጥብ አይጣልም፤ ከተጣለማ ማን ይተርፋል። ታውኖ ይህን ሕግ እንደ አዲስ ነገር አገኘው። ለወደቀው ዘጠኝ ሰጠ። ለተነሳው ዘጠኝ ተኩል ሰጠ። ግራና ቀኝ ጠፍቷት ወደ እናቷ ለሮጠችው ትንሽ ልጅ፣ ውሳኔዋ ልብ ይነካል ብሎ፣ ዘጠኝ ከሩብ ሰጠ። ሁሉም ተቆጠረ። በወረቀት ላይ ካየነው በዚያ ቀን የሄይኖላ ልጆች በአቀራረብ የአውሮፓን ቁንጮዎች በልጠዋል፤ ከጎረቤት ከተማ ከላሕቲ የመጡት እናቶች አዳራሹን በተቃውሞ ጩኸት አናወጡት።

«ይህ ሰውዬ ያደረገው ምን ዓይነት መነጽር ነው?» አለች አንዷ።

«የራሱን» አላት ኦይቫ።

መጨረሻ ላይ፣ በአዋቂዎች ክፍል፣ ሚንቱ ወጣች። ማንም አልጠበቃትም ነበር። ታንጎውን ከፈቱላት። የሚያስቸግሯትን ዝላዮች ሁሉ ትታ፣ እግሯን ወደ ኋላ እንደዘረጋች ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ዳሌዋ ምን እንዳለ ለእሷ ልተወው። መምህርቷ ሰባት ተኩል ሰጠች። የወተት ሱቋ ባለቤት ሰባት ተኩል ሰጠች። ታውኖ አሥር ጻፈ፤ በጉሙ ውስጥ ስላልታየው ደግሞ በመጀመሪያው አሥር ላይ ሁለተኛ ጊዜ ጻፈበት።

ልጅቷ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ተንሸራታ መጣች። መነጽሩን ከፊቱ ላይ አውልቃ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ መልሳ አደረገችለት። ከዚያ ውጤቱ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ፊት ከትንንሾቹ ልጆች ኋላ ተሰልፋ ተራዋን ጠበቀች፤ በክፍሏ የተወዳደረችው ግን እሷ ብቻ ነበረች።