ለአንዱ ብቻ የደረሰው ሳቲን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰዓት እላፊው ገና አልተነሳም ነበር። እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳ ከነሙሉ ጥፋቴ አውርቼላት አላውቅም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ሰው አሮጌ ኮት ይዞ ሱቄ መጣና ነገሩን ሁሉ ቀሰቀሰብኝ። ሳልናገረው ብሞት ይቆጨኛል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በጽሑፍ ብዙም አይደለሁም፤ እጄ የለመደው መርፌ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ መርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ወረድ ብሎ ነበረች። ሱቅ አልኳት እንጂ የስፌት መኪናው፣ ጠረጴዛውና መስታወቱ ከገቡ በኋላ እኔ የምቆመው በጎኔ ነው። ቢሆንም እንዳትንቁኝ። እንዝርት ባንድን የማለብሰው እኔ ነበርኩ!

የዛሬ ልጆች እንዝርት ባንድን አታውቁትም። አምስት ናቸው። ባንዱን የመሠረተው ጊታር የሚመታው ጋሽ ዘውዴ ነው፤ በዕድሜም ትልቃቸው እሱ ነው። ድምፃዊው ፈለቀ በአሥር ዓመት ያንሰዋል፤ በየቅዳሜው መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ሕዝቡ የሚጮኸው ለፈለቀ ነው። እንግዲህ ጠቡ ከዚህ ይጀምራል። አንዱ እኔ መሠረትኩት ይላል፣ ሌላው እኔ አስጠራሁት ይላል።

እኛ አድናቂዎቹ ጠባቸውን እንደ ኳስ ጨዋታ ነበር የምንከታተለው። ጋሽ ዘውዴ ሦስት ጊዜ ባንዱን ጥሎ ሄዷል፣ ሦስቴም ተመልሷል። አንድ ክረምት ሙሉማ ሁለቱ ሰላም ሳይባባሉ አንድ መድረክ ላይ ሠርተዋል። የሚነጋገሩት በድራመሩ በኩል ነበር። ፈለቀ "ሰውዬውን ጊታሩን ቀነስ ያድርግልኝ በለው" ይላል። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ "ልጁን መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጥረግ በለው" ይላል። በመካከላቸው አንድ ክንድ አይሞላም እኮ! ምስኪኑ ድራመር ከወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል።

ዘፈኑ ሲጀመር ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ፈለቀ ትንፋሹ ሲያልቅ ጊታሩ ይቀበለዋል፣ ጊታሩ ሲያበቃ ደግሞ ፈለቀ ያነሳዋል። ማን የት ላይ እንደሚያቆም ሳይተያዩ ያውቁታል። ተዋደው ጥሩ መጫወትማ ማንም ይችላል። ተኳርፈው እንዲያ የሚጫወቱ ሰዎች ግን ከእነሱ በፊትም ሆነ በኋላ አላየሁም። እኔን የገዛኝም ይኸው ነበር።

ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው። ከእኔ የባሱ አድናቂ ነበሩ። "ዘውዴ ጊታሩን ሲነካው አንጀቴን ነው የሚነካው" ይላሉ። ለፈለቀም ቢሆን ሽማግሌ ሆነው ሚስቱን የጠየቁለት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ሐጂን እምቢ አይሉም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ባንዱ የተመሠረተበትን በዓል ለማክበር ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ሆነ። አምስት ግራጫ ሙሉ ልብስ አዘዙኝ፤ ኮሌታው በጥቁር ሳቲን እንዲሸፈን። ሳቲን በዚያን ጊዜ መርካቶን አስሰህ የማታገኘው ዕቃ ነው። አንዲት ኮንትሮባንድ የምታመጣ ሴትዮ ግን አለችኝ። ለአንድ ኮሌታ የሚሆን ሰጠችኝና "የቀረውን በሁለት ቀን" ብላኝ ሄደች። በዚያው ቀረች። ዓርብ ዕለት ኬላ ላይ ከነዕቃዋ መያዟን ሰማሁ። ከእሷ የገዙት እየተፈለጉ ነው ተባለ።

ምን ላድርግ? ልብሱ ለነገ ነው። ከፊት የሚቆመው ፈለቀ ነው፣ መብራቱም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው ብዬ ሳቲኑን በእሱ ኮት ላይ አደረግኩት። የሌሎቹን አራቱን ኮሌታ በዚያው በግራጫው ጨረስኩ። ለዓይን የሚያምረውን እንጂ ሰው ምን ይለዋል የሚለውን አላሰብኩም። ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን ጠቅልዬ አዳራሹ ድረስ ላክሁላቸው፣ እዚያው ለበሱት።

ከሰዓት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። ፈለቀ ኮሌታው እያብረቀረቀ እንደ ሙሽራ ወጣ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቃችሁ! ቀጥሎ ጋሽ ዘውዴን አየሁት። ወንበሩን አዙሮ ለፈለቀ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ዝግጅቱን በሙሉ እንደዚያው ሆኖ ተጫወተ። ሲያልቅ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና "አለቃችሁን ካለበሳችሁ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ" ብሎ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ፈለቀ እየበረረ መጣ። "ካሳ፣ ለምንድነው የእኔን ብቻ እንዲህ ያደረግከው? ሰውዬው እኔ ያዘዝኩ መስሎታል!"

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የሴትዮዋ ነገር ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። "እንዲያምርብህ ብዬ ነው" አልኩት። ፈለቀም መስታወቴ ፊት ቆሞ ኮሌታውን ዳበሰና "ማማሩንስ ያምራል" ብሎ ሄደ። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ኩሩ ሰው ነው፣ ሱቄ መጥቶ አይጠይቅም።

ሁለት ወር አለፈ። ይሄኛው ጠብ እንደ ድሮዎቹ አልሆነም። ጋሽ ዘውዴ ጊታሩን ሊሸጠው ገዢ እያፈላለገ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሐጂ ኑሩ ይህን ሲሰሙ የምሳ ሳህናቸውን ገፉት። "ዘውዴ ጊታሩን ከሸጠ አለቀ! እሑድ ከሰዓት አምስቱንም አንተ ሱቅ እሰበስባለሁ፣ ፈለቀም ያን ኮት ይዞ ይምጣ" አሉኝ። እምቢ እንዳልል ምን ብዬ? በደለኛው እኔ፣ የዕርቁ ቤት የእኔ።

እሑድ መርካቶ ጭር ይላል። አምስቱ መጡ። ሰው አይቶ እንዳይሰበሰብ የብረቱን በር ዘጋነው። ሰባት ሰው እዚያች ጉሮኖ ውስጥ! ሐጂ ገና "እንግዲህ ልጆቼ" ከማለታቸው ሁለቱ ተያያዙ። ሁለት ወር የታመቀ ነገር እኮ ነው። ድምፃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር መሰለኝ በሩ በኃይል ተደበደበ።

ከፈትኩ። ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ነው። አንድ በአንድ አየን።

"የምን ስብሰባ ነው?"

"ስብሰባ አይደለም ልጄ፣ ሽምግልና ነው" አሉ ሐጂ።

ጋሽ ዘውዴ ግን ንዴቱ አልበረደለትም፣ ጠመንጃውንም ያየው አልመሰለኝም። "እሱን ጠይቀው!" ብሎ ወደ ፈለቀ ጠቆመ። "አለቃ ነኝ ብሎ ያወጀው እሱ ነው!"

"እኔ መቼ አወጅኩ?"

"ኮሌታህ አወጀልህ!"

"አለቃ?" አለ ጥበቃው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። "የምን አለቃ? የየትኛው ድርጅት አለቃ? ተነሱ! ቀበሌ ሄዳችሁ ታስረዳላችሁ።"

በዚያን ጊዜ እንዲህ ተብሎ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ድራመሩ አመድ መሰለ። ጋሽ ዘውዴ ያን ጊዜ ነቃ መሰለኝ፣ የጠቆመበትን ጣቱን ቀስ ብሎ አጠፈው። እነዚህ ሰዎች በእኔ ጦስ ሊያልቁ ነው አልኩ በልቤ።

"ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሳቲኑ አልበቃኝም! ለአምስት ነበር የታሰበው፣ የደረሰው ለአንድ ብቻ ነው። እነሱ የሚያውቁት ነገር የለም!"

ጥበቃው የፈለቀን ኮት ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ኮሌታውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "ይሄን ከየት አመጣኸው?" አለኝ።

አለቀልኝ።

"ከእኔ ሱቅ" አሉ ሐጂ ኑሩ። ዓይናቸውን አላርገበገቡም። "የድሮ ዕቃ ነው። የተረፈችኝ ያችው ነበረች።"

ሐጂን ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጥበቃው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ኮሌታውን አየ። ከዚያ ኮቱን ወረወረልኝና ሳቀ። "ይሄ ሁሉ ሰው ለአንድ ኮሌታ!" አለ። ሊወጣ ሲል ወደ ጋሽ ዘውዴ ዞረ። "እኔ እኮ ሠርጌ ላይ በእናንተ ካሴት ነው የጨፈርኩት። አትበተኑ እንጂ! በሩንም ክፈቱት፣ ሰው በር ዘግቶ አይታረቅም" ብሎን ሄደ።

ሲሄድ ጋሽ ዘውዴ ወደ እኔ ዞረ። "ሁለት ወር ሙሉ?"

"ፈርቼ ነው ጋሼ" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። የሴትዮዋን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው።

በክንዴ ይዞ አነሳኝ። "እኔስ ብሆን? መጥቼ አንድ ጥያቄ ብጠይቅህ ምላሴ ይቆረጥ ነበር?" አለ።

ፈለቀ አንገቱን ደፍቶ "እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። መቀሴን አነሳና ሳቲኑን ከኮቱ ላይ ይፈለቅቀው ጀመር። "ኧረ ጨርቁን ትቀደዋለህ!" ብዬ ነጠቅሁትና ስፌቱን ራሴ ፈታሁት። ፈለቀ ጨርቁን ተቀብሎ ለጋሽ ዘውዴ ዘረጋለት። "እንካ ጋሼ፣ ባንተ ኮት ላይ ይሁን።"

"እና ደግሞ እኔ አለቃ ልባል?"

ሁላችንም ሳቅን። ያ ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ወጣልን። ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ካሳ፣ ለአምስት ቁረጠው!" አሉኝ።

ለአምስት ቆረጥኩት። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጣት የምታክል ቅዳጅ ደረሰች። በደረት ኪሳቸው አፍ ላይ ልሰፋላቸው ተስማማን፣ የአራቱ ኮት በማግስቱ ሊመጣልኝ። በፈለቀ ጀመርኩ። ጋሽ ዘውዴ በአጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ቀጥታ ወደ ፈለቀ ዞሮ "ያቺን ክር አቀብለኝ እስቲ" አለው። ድራመሩ ይህን ሲሰማ "እኔ እንግዲህ ከሥራ ወጣሁ ማለት ነው" አለ።

ወር ሳይሞላ መድረክ ላይ ወጡ፤ አምስቱም ደረታቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። የሰፈሩ ጎረምሳ ፋሽን መሰለው። "እንደ እንዝርቶች አድርግልኝ" የሚለኝ በዛ። ያቺ መስመር የጠብ ፍርፋሪ መሆኗን ማን ነግሮት!

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም ብዬ አልዋሻችሁም። ተጣልተዋል፣ ጋሽ ዘውዴም ደግሞ ሄዶ ደግሞ ተመልሷል። ጊታሩን ግን አልሸጠም። ደርግ ወድቆ ከስንት ጊዜ በኋላ እንኳ አብረው ይጫወቱ ነበር። ይህን ያህል እየተጣላ ይህን ያህል ዘመን አብሮ የቆየ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ዘውዴ አረፈ። የቀብሩ ዕለት በማለዳ ፈለቀ ያንን ግራጫ ኮት ይዞ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱ ሆዱ ላይ እምቢ ብሎታል። ጎንና ጎኑን አሰፋሁለት። ኮሌታው ላይ የድሮው መርፌዬ ምልክት አሁንም ይታያል። ዛሬ ሳቲን በየሱቁ ሞልቷል፤ ከመደርደሪያዬ ጥቁሩን አወረድኩና "ለዛሬ እንኳ ኮሌታውን ላልብስልህ?" አልኩት።

"ተው ካሳ! ጋሽ ዘውዴ ከተኛበት ተነስቶ ያኮርፈኛል" አለ። ሳቀ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም ወደ ስፌት መኪናዬ ዞሬ አለቀስኩ።

ሰው ጠበኞች ናቸው እያለ ሲያማቸው ስሰማ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። ባንዱን ስለወደድኩት፣ ስላለበስኩትም እኮራለሁ። ሳቲኑ ማነሱ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያ ሁለት ወር ነው። ስምንት ቅዳሜ ነው። እኔ ስለፈራሁ፣ ጋሽ ዘውዴ ስምንት ቅዳሜ ጊታር ሳይመታ ቤቱ ዋለ።