ዘይት የሚተፋው ዶቅዶቄ

ወረታ ጋራዥ ሥራ የጀመርሁ ቀን የተሰጠኝ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ጋዝና ጥርሱ ያለቀ ብሩሽ ነው። ባለቤቱ አቶ ዘለቀ «አንች ብረት እጠቢ። መፍቻ እንዳትነኪ!» አሉኝ። አልነካሁም። ከአጣቢ በላይ ረዳት፣ ከረዳት በላይ መካኒክ ነበር፤ እኔ ከሁሉም በታች ነኝ።

ብረት የሚያጥብ ሰው ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ያያል። መካኒኮቹ የሚያዩት ካጠብሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይኸ ከታች የሚያፈስ አይደለም፤ ከላይ ወርዶ ነው» አልሁ። ሳቁብኝ። ሲፈቱት እንዳልሁት ሆነ። በማግሥቱ መፍቻ ያዝሁ።

ዘይት ጠብታው ከሚወድቅበት አይነሳም፤ ንፋስ እየገፋው ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሩን አጥቤ አደርቅና ከሩዝ ወፍጮ ያመጣሁትን ነጭ ብናኝ እነሰንስበታለሁ። አስነስቼ እጠብቃለሁ። ብናኙ መጀመሪያ የሚረጥብበት ቦታ ምንጩ ነው።

ብዙውን ጊዜ ምንጩ ኦይል ሲል ነው፤ ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣበት ላይ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት። ልኩ በቁጥር ተጽፎበታል። እኔ ቁጥር ስለማላነብ አሮጌውን ሱቅ ወስጄ አዲሱ ላይ ደርቤ እለካለሁ።

አቶ ዘለቀ ሲያርፉ ጋራዡ ተዘጋ። እኔም መፍቻዬን በከረጢት ይዤ መዞር ጀመርሁ። ጉልበቴን ፍል ውኃ ልነክር ወንዛዬ ወርጄ ሦስት ዶቅዶቄ ጠግኜ የተመለስሁበት ጊዜ አለ። ጉልበቴ ግን እንዳመመኝ ነው።

አንድ ክረምት የከብት ሐኪሙ ደምሌ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጠውን ዶቅዶቄ እየገፋ መጣ። በዚያው ክረምት ሁለት ጊዜ ኦይል ሲል ቀይሬለታለሁ።

«እትየ ጥሩ፣ የጎማ ቀለበቱና ሞተሩ ተጣልተዋል መሰል!»

«ከተጣሉ አስታርቃቸዋለሁ። ቁጭ በል።»

«መቀመጥ የለም! ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የከብት በሽታ ገብቷል፤ ከብቱን ሰብስበው እየጠበቁኝ ነው። ክትባቱ ያለበት በረዶ እየቀለጠ ነው። ከሞቀ ውኃ በሉት።»

ብናኝ ነሰነስሁ። ያፈሰሰው እዚያው ቦታ፣ ከሰንሰለቱ ጥርስ ኋላ ነው። የቀረኝ አንድ ኦይል ሲል ብቻ ነበር። ልከተው እጄን ዘረጋሁና ገና ያልነቀልሁትን አሮጌውን መልሼ አየሁት። ያረጀ ጎማ ከንፈሩ ይበላል። ይኸ አልተበላም፤ ከቦታው ወደ ውጭ ተገፍቷል። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው።

«ደምሌ፣ ጎርፍ ስትሻገር ምን ታደርጋለህ?»

«እንደ ሰዉ ሁሉ። ውኃ እንዳይገባ የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ በጧፍ ሰም እወትፋለሁ።»

«ከተሻገርህ በኋላስ?»

«ስመለስ እሻገር የለ እንዴ? ምን ያስነቅለኛል!»

«አፍህንና አፍንጫህን ይዤ ዳገት ላስሩጥህ?»

ሳቀ፤ ወዲያው ገባው። ኦይል ሲሉን የሚገፋው መውጫ ያጣው የሞተሩ ትንፋሽ ነበር። ሰሙን በሽቦ ፈልቅቄ አወጣሁ፤ አዲሱን ኦይል ሲል ከተትሁ፤ የጎደለውን ዘይት ሞላሁ። እንደገና ብናኝ ነስንሼ አስነሳሁት። ደምሌ የበረዶውን ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። ብናኙ እንደነጣ ቀረ።

«ሂድ። ከፈለግህ ወትፈህ ተሻገር። ማዶ እንደደረስህ ግን ሳትነቅል አንድ ክንድ እንዳትነዳ!»

በሦስተኛው ቀን በደጄ ሲያልፍ አገኘሁት። በረዶው ሳያልቅ ደርሶ ከብቱን ሁሉ ወግቷል። የነቀለውን ሰም ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። «ይቅርታ እትየ ጥሩ፣ ሁለት ኦይል ሲል በከንቱ አስጨረስሁዎ» አለኝ።

የጨረስኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጊዜ ዘይቱ በየት እንደወጣ አየሁ እንጂ ምን እንዳስወጣው አልጠየቅሁም። ኦይል ሲል ሳይበላ ተገፍቶ ካገኛችሁት፣ አዲሱን ከመክተታችሁ በፊት መተንፈሻውን እዩ።