የማይታይ ቀዳዳ ፍለጋ፦ ከሱሉልታ ሰበታ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ከሱሉልታ የተነሳሁት አንድ ነገር ይዤ ለመመለስ ነው፦ በውስጡ «ናኖ» የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ያሉበት ስስ የፕላስቲክ ሉህ። ስለዚህ ነገር ለተማሪዎቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስረዳ፣ ሃዊ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ያላየነውን እስከ መቼ እንመን?» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። «ሰኞ አሳያችኋለሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

ሚኒባሳችን የእንጦጦን ቁልቁለት ሲወርድ ሯጮች ዳገቱን ይወጣሉ። አየር ጤና ላይ ትኩስ ሳምቡሳ በላሁና በሌላ ታክሲ አራት ሰዓት ላይ ሰበታ ገባሁ።

ሰበታ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቶልቱ በአንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ላብራቶሪ ትሠራለች። ምድጃውን የሚቆጣጠሩት ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ናቸው። ቶልቱ ሁለት ሉህ ብቻ አዘጋጅታልኛለች። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ሙቀት ከማይችል ጋር ይዋሃዳል። ሲሞቅ ደካማው ፈርሶ በጋዝ መልክ ይወጣል፤ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። ጠንካራው ግን መለስለስ የለበትም።

ቶልቱ አንዱን ሉህ መዝና ምድጃ ውስጥ አስገብታ ምሳ ልታመጣ ስትወጣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ኦቦ ገመቹ፣ ሙቀቱን ትንሽ ይጨምሩልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ሽሮ መሰለህ?» አሉኝ። ስለምናቸው ግን ጨመሩ።

ሉሁ ወተት መስሎ ወጣ። ቶልቱ ስትመለስ «ቀዳዳዎቹ ታዩ!» ብዬ ዘለልኩ።

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ጎበዝ መምህር! በዓይን ከታየማ ምኑን ናኖ ሆነ? አረፋ ነው ያበሰልከው!» ጠንካራው ለስልሶ፣ ጋዙ እንደ ፊኛ ነፍቶት ኖሯል።

አንድ ሉህ ቀረ። ኦቦ ገመቹ ወንበራቸውን ምድጃው ፊት አኑረው «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አሉኝ። ሙቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ እስከ አሥር ሰዓት ቆየን። ሉሁ ሲወጣ እንደገባው ጥርት ያለ ነበር። አገላብጬ አየሁት።

«ምንም አልሆነም እኮ!»

«መዝነው» አለች ቶልቱ።

ውፍረቱም ስፋቱም ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ከመሞቁ በፊት ከመዘንነው ቀንሷል! ደካማው ወጥቶ ባዶ ቀዳዳ ትቷል ማለት ነው። ኦቦ ገመቹን አቅፌ ጉንጫቸውን ሳምኩ። «ቀስ በል፣ መነጽሬን!» አሉ እየሳቁ። ማታ ሱሉልታ የደረስኩት ሉሁን ደብተር ውስጥ አድርጌ፣ ደብተሩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው።

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ። የተበላሸውንም ያማረውንም ሉህ፣ ከመዘንናቸው ቁጥሮች ጋር፣ ለተማሪዎቼ አዞርኩ። ሃዊ ጥርት ያለውን ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ አየችው።

«እሺ፣ አመንኩ። ግን ቲቸር፣ በር ሳይኖረው ጋዙ በየት ወጣ?»

ጠመኔዬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። «አላውቅም» አልኩ። ክፍል ውስጥ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሳስረዳ ከሃዊ በቀር አንድ ጥያቄ ያልጠየቁኝ ልጆች እጃቸውን አወጡ፤ ሁሉም መላ ምት አለው። የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ የወጣ የለም።